የጳጉሜን 6 ልጆች

ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር በተጠቃለሉት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ፣ እንደ ሌላው የኢትዮጵያ ክፍል ሁሉ፣ ዓመቱ የሚዘጋው ሠላሳ ሠላሳ ቀን ካላቸው 12 ወራት ቀጥላ በምትመጣው በጳጉሜን ሲሆን፣ ይህች ወር ሦስት ዓመት በተከታታይ 5 ቀን ሆና ትቆይና በአራተኛው፣ ማለትም በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ፣ 6 ቀን ትሆናለች። ዘመኑን ለይቶ ማወቅ የፈለገ ሰው ባሕረ ሐሳብ በሚባለው የቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት መሠረት በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሮ ለ4 ያካፍላል፤ ቀሪው 1 ቢሆን ማቴዎስ፣ 2 ቢሆን ማርቆስ፣ 3 ቢሆን ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ቢካፈል ዮሐንስ ነው። በዚህ ስሌት 2015 ዓ.ም. ዘመነ ሉቃስ ነበር፤ ቀጣዩም 2019 ዓ.ም. ነው።

ጳጉሜን 6 ቀን የተወለደ ሕፃን የልደቱን ዕለት በካላንደር ላይ የሚያገኘው እንግዲህ በየአራት ዓመቱ ብቻ ነው። 18 ቁጥር ለ4 ስለማይካፈል፣ ለአካለ መጠን የሚደርስበት ዓመትም ይህችን ዕለት አይይዛትም። በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 29 ለተወለዱ ሰዎች የኒውዚላንድ ሕግ ፌብሩዋሪ 28ን፣ የሆንግ ኮንግ ሕግ ደግሞ ማርች 1ን ምትክ አድርጎ ይወስዳል። የጳጉሜን 6 ልጅ ወላጆችም ምርጫቸው ከጳጉሜን 5 እና ከመስከረም 1 አንዱ ሲሆን፣ ሁለተኛው የተሻለ መሆኑን የልጁ ፓስፖርት ራሱ ያመለክታል፤ ጳጉሜን 6 በፓስፖርት ላይ ሴፕቴምበር 11 ተብሎ ይመዘገባልና፣ ይህም ቀን ከአራቱ ዓመታት በሦስቱ የሚውለው በእንቁጣጣሽ ዕለት ነው።

ነገሩ በተቃራኒውም ይሠራል። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2024 ሰበታ ውስጥ የተወለደች ልጅ በውጭው ዓለም በየአራት ዓመቱ ልደት ከሚደርሳቸው ሰዎች ጋር ትቆጠር ይሆናል እንጂ፣ በአገሯ አቆጣጠር የተወለደችው የካቲት 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ነውና ልደቷ በየዓመቱ ሳይጓደል ይመጣል።

ከዚህ ይልቅ ብዙ ሰው የሚነካው ቀንን ከአንዱ አቆጣጠር ወደ ሌላው የመገልበጥ ስህተት ነው። ጳጉሜን 6 ከዋለች በኋላ ሁለቱ አቆጣጠሮች በአንድ ቀን ይራራቁና ፌብሩዋሪ 29 መጥታ እስክታስተካክላቸው ድረስ እንደተራራቁ ይቆያሉ። የ2016 ዓ.ም. የግድግዳ ካላንደር ላይ መስከረም 1 የሰፈረበትን ሣጥን ያስተዋለ ሰው፣ ከጥጉ በትንሹ የታተመው የፈረንጅ ቀን እንደ ወትሮው 11 ሳይሆን 12 መሆኑን ያያል። በዚያው ዓመት ጥምቀት ጥር 11 መዋሉን ሳይለቅ ጃንዋሪ 20 ሲውል፣ ገና ግን እንደ ዘመነ ዮሐንስ ደንቡ ታኅሣሥ 28 ተከብሮ ጃንዋሪ 7 ላይ ጸንቷል። ይህን ሳያስተውል የቡራዩ ወይም የሱሉልታ ጸሐፊ መስከረም 20 ቀን 2016 የተወለደን ልጅ በልማድ ሴፕቴምበር 30 ብሎ ቢመዘግበው (ትክክለኛው ኦክቶበር 1 ነው)፣ የአንድ ቀን ልዩነት ያላቸው ሁለት ሰነዶች ይፈጠራሉ፤ ልጁ አድጎ ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደ ውጭ ለመሄድ ሲያመለክት ይህ ቀላል ነገር አይሆንም። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደት በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ የተደነገገ በመሆኑ፣ የጳጉሜን 6 ልጆች መዝገብ የሚሞላው ልዩነቱ በሚጸናባቸው ወራት ነው፤ ስለዚህ በመዝገቡ ላይ የኢትዮጵያውን ቀን ሳይቀይሩ ማስፈርና አቻውን ከዚያው ዓመት ካላንደር አይቶ መጻፍ ያስፈልጋል።

ስድስተኛዋን ቀን በየአራት ዓመቱ የመጨመር ሐሳብ በግብፅ በ238 ከክርስቶስ ልደት በፊት በንጉሥ ጦሌሚ ሦስተኛ ዘመን ታውጆ የነበረ ቢሆንም፣ ሥራ ላይ የዋለው አገሪቱ በሮማ ከተያዘች በኋላ በአውግስጦስ ዘመን ነው። ዓመቱን 365 ቀን ከሩብ የሚያደርገው ይህ ስሌት ከእውነተኛው የፀሐይ ዓመት በ11 ደቂቃ ያህል ይበልጣል፤ በዚህም ምክንያት ጳጳሱ ጎርጎርዮስ 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1582 ከምዕራባውያን አቆጣጠር 10 ቀን ቀንሰው፣ ለ400 የማይካፈሉ የመቶ ዓመታት ፌብሩዋሪ 29 እንዳይኖራቸው ወሰኑ። የአድዋ ጦርነት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ሲካሄድ ዕለቱ ማርች 1 ቀን 1896 ሆኖ ሳለ፣ ዛሬ የካቲት 23 ማርች 2 የሚውለው በመካከሉ ያለፈችው 1900 ፌብሩዋሪ 29ን ስላልያዘች ነው። 2100 እንዲሁ ስለምታደርግ፣ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በ77 ዓመቱ፣ ፓስፖርቱ ላይ ያለው ሴፕቴምበር 11 ከእንቁጣጣሽ ወደ ጳጉሜን 5 ይዛወርበታል።