ከእንዶድ እስከ ሳሙና፤ በመካነ ሰላም ዙሪያ ላሉ እናቶች የሚሆን ሥራ

ረመዳን ወደ ማብቂያው ሲቃረብ በብዙ ቤት ሁለት ሥራ ይበረታል፤ ሌሊቱ የሰላትና የዱዓ፣ ቀኑ የእጥበት ነው። ጋቢው፣ ነጠላው፣ የልጆቹ ጀለቢያ ለዒድ ነጥቶ መድረስ አለበት። በመካነ ሰላም ዙሪያ፣ በቦረና፣ በወግዲና በሳይንት ደጋማ ቀበሌዎች ይህ ሸክም የእናቶችና የሴት ልጆች ነው። ሳሙናው ከሱቅ ይመጣል፤ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል፤ የሚከፈለውም ለልጅ ጫማ ከተያዘው ገንዘብ ላይ ነው። በዛሬው ገጻችን አንድ ሐሳብ ይዘን ቀርበናል፦ ሳሙናውን እነዚሁ እናቶች ሠርተው ቢሸጡትስ? መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በመካነ ሰላም ካምፓስ አለው፤ ኬሚስትሪም ሒሳብም የተማሩ ወጣቶች ከእናቶቹ ጋር አንድ ገበያ ይገበያያሉ።

ልብስ ማንጣት ለወሎ እናት አዲስ ዕውቀት አይደለም። የሱቅ ሳሙና ሳይለመድ በፊት እንዶድ ነበር፤ ዛሬም ጨርሶ አልቀረም። ፍሬው ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ በውሃ ሲታሽ አረፋ ይሰጣል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዐድዋ ላይ ወንዝ ዳር ሆነው ያስተዋሉት ይህንኑ ነበር፤ ሴቶች በእንዶድ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አገኙ። የቢልሃርዝያ በሽታ የሚተላለፈው በቀንድ አውጣ በኩል ስለሆነ ግኝቱ ዓለም አቀፍ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ። ኋላም በአሜሪካ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድን የውሃ ቱቦ የሚደፍን ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረትን ለማጥፋት የመጠቀም ዘዴን በፓተንት አስመዘገበ። ነገሩ ሁሉ የተነሣው ግን ከልብስ አጣቢ ሴቶች እጅ ነው።

ተማሪና የገጠር ሴት ሲገናኙ የዕውቀቱ ባለቤት ማን እንደሚሆን አስቀድሞ መነጋገር ይገባል የምንለው ለዚህ ነው። ከሞሮኮ የምንማረው አለ። በአገሪቱ ደቡብ ምዕራብ የሚኖሩ የበርበር ሙስሊም ሴቶች የአርጋንን ፍሬ በድንጋይ እየሰበሩ ዘይት ያወጣሉ፤ ዘይቱ ለምግብ፣ ለቆዳ፣ ለሳሙናም ይሆናል። በራባት የመሐመድ አምስተኛ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ምሁር የሆኑት ፕሮፌሰር ዙበይዳ ሸሩፍ በ1990ዎቹ አጋማሽ እነዚህ ሴቶች በኅብረት ሥራ ማኅበር እንዲደራጁ አገዙ። መጀመሪያ ደፍረው የገቡት ባል የሞተባቸውና የተፈቱ ሴቶች ነበሩ፤ ባለትዳሮቹን ባሎቻቸው አልፈቀዱላቸውም። ገቢው በዓይን ሲታይ ሌሎቹም ተከተሉ። ዘይቱ በአውሮፓ ሲወደድ ደግሞ ከትርፉ ትልቁን የወሰዱት ላኪዎችና ኩባንያዎች ናቸው የሚል ቅሬታ መጣ። ሴቶቹ መሥራቱን ችለውበት ሳለ ዋጋ የመወሰን ሥልጣኑ ግን ከእጃቸው ወጣ።

ወደ ራሳችን እንመለስ። ሳሙና ማለት ዘይት ወይም ስብ ከኮስቲክ ሶዳ ጋር ሲዋሐድ የሚገኝ ነገር ነው። እዚህ ላይ ለሙስሊም ቤተሰብ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስቡ የማን ነው?» የሚለው ነው። ሞራ ጠንካራ ሳሙና ይሰጣል። ነገር ግን በአላህ ስም ያልታረደ ከብት ሞራ ነጃሳ ነው፤ ከሳሙናነት በኋላስ? በሐነፊ መዝሀብ አንድ ነገር ባሕርዩን ፈጽሞ ከለወጠ ነጃሳነቱ ይቀራል የሚል አስተያየት አለ፤ የሻፊዒ መዝሀብ ጠበቅ ይላል። በወሎ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ ይቀባበራል፣ በአንድ ገበያ ይሸጣል፤ ሥጋው ግን ለየብቻ ነው። ስለዚህ የሁለቱንም እናቶች አንድ ላይ የሚያሠራ ማኅበር በዕፅዋት ዘይት ቢጀምር ጥያቄው ከሥሩ ይቀራል፤ ገዢም አያንገራግርም። የሐለብና የናብሉስ ሳሙናዎች ለዘመናት የተሠሩት በወይራ ዘይት ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2024 ሁለቱንም ሙያዎች በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሯቸዋል።

የኑግና የሱፍ ዘይት ብቻውን ለስላሳ፣ ቶሎ የሚሟሟ ሳሙና ያወጣል። በጀሪካን የሚሸጠው የፓልም ዘይት ሲቀላቀልበት ይጠነክራል፤ የጉሎ ዘይት ጥቂት ሲገባበት አረፋው ይሻላል። መጠኑን ግን በሲኒ መስፈር አይቻልም። ለአንድ ኪሎ የሱፍ ዘይት የሚገባው ኮስቲክ ሶዳ 130 ግራም ገደማ ነው፤ ከበዛ እጅ ይልጣል፣ ካነሰ ሳሙናው ቅባት ሆኖ ይቀራል። የተማሪዎቹ የመጀመሪያ ስጦታ እንግዲህ አንድ ጥሩ ሚዛንና ስሌቱ ነው። ስልጠና ተብሎ አዳራሽ ውስጥ ከሚነበብ ወረቀት ይህ ይበልጣል፤ እንዲህ ያለ ወረቀት ብዙ አይተናል።

አደጋውን ደግሞ ሳንሸፋፍን እንናገር። ሶዳው ወደ ውሃ ይጨመራል እንጂ ውሃ በሶዳ ላይ አይፈስስም፤ ይፈላና ፊት ላይ ይረጫል። የአሉሚኒየም ድስት ፈጽሞ አይሆንም፤ ሶዳው ብረቱን ይበላዋል፣ ተቀጣጣይ ጋዝም ይወጣል። የማይዝግ ብረት ወይም ወፍራም የፕላስቲክ ባልዲ ይያዝ፤ ወጥ የሚሠራበት ዕቃ ግን አይነካካው። ጓንትና መነጽር ግድ ነው። ሶዳው ሲታይ ጨው ይመስላል፤ ውሃ ውስጥ ከሟሟ ደግሞ ከውሃ አይለይም። በሃይላንድ ተቀድቶ ቤት ውስጥ ከተቀመጠ፣ በመግሪብ ሰዓት የተጠማ ጾመኛ ወይም ልጅ አንስቶ ሊጎነጨው ይችላል። ይህ እንዳይደርስ ሥራው ከመኖሪያ ቤት ተለይቶ፣ ሶዳውም ተቆልፎበት መሆን አለበት። ቆዳ ላይ ከፈሰሰ በብዙ ንጹሕ ውሃ ለረጅም ጊዜ ታጥቦ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ እንጂ ሎሚና ኮምጣጤ መጨመር አይገባም።

ገንዘቡስ? ብዙ ሙስሊም ሴቶች ከብድር የሚርቁት ሥራ ጠልተው ሳይሆን ወለድን ፈርተው ነው። የብድር ጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ «ሴቶቹ ፍላጎት የላቸውም» ብሎ ሪፖርት ሲጽፍ ይህን አያነሣም። አሁን ግን አማራጭ አለ፤ ዘምዘም ባንክ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2021 ሥራ ጀምሯል፣ ሌሎች ባንኮችም ከወለድ ነፃ መስኮት ከፍተዋል። ቅርንጫፍ ሩቅ ለሆነባት ቀበሌ ግን እቁብ ይቀላል። አሥር ሴቶች በየሳምንቱ የሚያዋጡት ዘይትና ሶዳ ለመግዛት ይበቃል፤ ከከሰሩም የሚከስሩት የራሳቸውን ነው፣ ዕዳ በልጅ ላይ አይወርድም። ዱበርቲዎች ለዱዓ የሚሰበሰቡበት ቤት፣ ቡናው የሚፈላበት ጎረቤት፣ ቅሬው፣ ሁሉም ዝግጁ መሰብሰቢያ ነው። አዲስ ኮሚቴ ማቋቋም አያስፈልግም።

የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ማኅበረሰብ አገልግሎትን ከዩኒቨርሲቲዎች ተግባራት አንዱ አድርጎታል። ችግሩ ተማሪ ይመረቃል፣ ይሄዳል። ፎቶ ተነሥቶ፣ የምስክር ወረቀት ታድሎ፣ በሚቀጥለው ዓመት ባልዲው የጤፍ ዕቃ ሆኖ ይገኛል። ለዚህ ነው ተማሪዎቹ ሲመጡ «እትዬ፣ እኔ ልሥራልዎ» ከማለት ይልቅ ሚዛኑን እሷ እንድትይዝ፣ ደብተሩን የእሷ ሴት ልጅ እንድትጽፍ ቢያደርጉ የምንመርጠው። ፊደል ያልቆጠረች እናት እንኳ ሚዛኑ ላይ የቁጥሩን መልክ መለየት አያቅታትም። አምስተኛውን ድፍድፍ ያለ ተማሪ ከሠሩት ሥራው የእነርሱ ሆኗል። ዋጋውንም ሲተምኑ የዘይቱንና የሶዳውን ብቻ ሳይሆን የጉልበታቸውን ይጨምሩበት፤ የሞሮኮዎቹ ነገር ተነግሯል።

የልጅዎ ዩኒቨርሲቲ ለዒድ ዕረፍት ከሰጠውና ቤት ከመጣ ይህን ጽሑፍ አብራችሁ ተመልከቱት። በእጅ የተሠራ ሳሙና ከተቆረጠ በኋላ ከ4 እስከ 6 ሳምንት አየር በሚያገኝበት ቦታ ሊደርቅ ይገባል፤ ስለዚህ በረመዳን የተጀመረ ሳሙና ለዒድ አልፈጥር አይደርስም። ከዒዱ በኋላ ባለው ሳምንት የተጀመረ ግን ለዓረፋ ይደርሳል፤ በመካከሉ ከሁለት ወር በላይ አለና። በዓረፋ ሞራ ሲበዛ በሐላል የታረደ ስለሆነ ለሳሙና የሚመኙት ይኖራሉ። የኡዱሂያ ሥጋም ሆነ ሞራ ግን ለባለቤቱ መሸጥ አይፈቀድለትም፤ ለቤት የሚሆን ሳሙና ይሥሩበት፣ ለገበያ ስለሚሆነው አስቀድመው የመስጂዳችሁን ኢማም ጠይቁ።