አል-ማንሺያ ላይ ያልነካ ጎማ ዶካ ላይ ለምን ይነካል?

ትልቅ ጎማ የተገጠመለት ፒክአፕ በአል-ማንሺያ ጎዳናዎች ባዶውን ሲዞር ብዙ ጊዜ ምንም ድምፅ አያሰማም። ያው መኪና 20 በግ ጭኖ ከገላባት ወደ ገዳሪፍ ሲጓዝ፣ ዶካ አካባቢ ከአስፋልት ወርዶ ወደ አንድ በረት ሲታጠፍ ግን ጎማው ፓራፋንጎውን መፋቅ ይጀምራል። እዚህ ላይ ጎሚስታውን መውቀስ ቀላል ነው። ነገር ግን የተለካው ባዶ መኪና ነበር፤ የተነዳው ደግሞ የተጫነ መኪና ነው።

አል-ማንሺያ በካርቱም ምሥራቃዊ ክፍል፣ በጥቁር ዓባይ ዳር ያለ ሰፈር ነው። በስሙ የሚጠራው ድልድይ ከወንዙ ማዶ ካለው ምሥራቅ ናይል ጋር ያገናኘዋል። በመተማና በገላባት በኩል የሚያልፈው የቁም እንስሳት ንግድ ከዋና ከተማዋ ጋር የሚገናኘው በገዳሪፍና በወድ መደኒ አድርጎ ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ካርቱም ላይ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ በዚህ መስመር የሚሠራ ሰው ዛሬ ያለፈበት መንገድ ነገ ክፍት ይሆናል ብሎ እርግጠኛ መሆን አይችልም። መንገድ ሲቀየር ደግሞ ከአስፋልት መውረድ ይመጣል፤ ትልቅ ጎማ የሚፈለገውም ለዚሁ ነው።

ሰንጋና ግመል በከባድ መኪና ወይም በእግር ይሄዳሉ። ፒክአፑ፣ ሱዳኖች «ቦክሲ» የሚሉት፣ ሥራው ሌላ ነው፤ በግና ፍየል ከመንደር ወደ መሰብሰቢያ ያመጣል፤ መኖ፣ ውኃና እረኛ ያደርሳል። ስለዚህ ከሁሉም መኪና ይልቅ መጥፎ መንገድ የሚያየው እሱ ነው።

ቁጥሩ ምን ይላል?

በጎማው ጎን የተጻፈው ቁጥር መጠኑን ይናገራል። 265/65 አር 17 ማለት ወርዱ 265 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ከፍታ የወርዱ 65 በመቶ፣ ቸርኬው 17 ኢንች ነው። 17 ኢንች 431.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ የጎኑ ከፍታ 172.25 ሚሊ ሜትር ሲሆን ከላይም ከታችም ስላለ ሁለት ጊዜ ይደመራል። ድምሩ 776 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል። የጎማው ሙሉ ቁመት ይህ ነው።

ይህ ልክ በብዙ ሃይለክሶች ላይ ከፋብሪካ የሚመጣ ነው። ባለመኪናው ወደ 265/70 አር 17 ቢያሳድገው ቁመቱ 803 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ወርዱ አይለወጥም። ወደ 285/70 አር 17 ቢሄድ ቁመቱ 831 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲደርስ ወርዱም በ20 ሚሊ ሜትር ይሰፋል።

መኪናው ከመሬት የሚነሣው በጭማሪው ግማሽ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ምርጫ 13 ሚሊ ሜትር፣ በሁለተኛው 27 ሚሊ ሜትር ገደማ ያገኛል። ነገር ግን ጎማው ወደ ላይ ወደ ፓራፋንጎው፣ ወደ ፊት ወደ ፓራውልቱ፣ ወደ ኋላም ወደ ጭቃ መከላከያው የሚጠጋው በዚያው ልክ ነው። ከታች የተገኘችው እያንዳንዷ ሚሊ ሜትር በሌላ በኩል ትከፈላለች።

የሚነካው የት ነው?

የመጀመሪያው ቦታ የፊት ጎማ ነው፣ መሪው እስከ መጨረሻው ሲዞር። የጎማው የኋላ ጠርዝ የውስጡን ፕላስቲክ፣ ጭቃ መከላከያውን፣ ከዚያም ጋቢናው ከሻንሲው ጋር የሚታሰርበትን ብረት ያገኛል። የፊት ጠርዙ የፓራውልቱን ማዕዘን ይነካል። ወደ ኋላ እየሄዱ ሙሉ በሙሉ ማዞር፣ በረት በር ላይ ሁልጊዜ የሚደረገው፣ ይህን በደንብ ያጋልጣል።

ሁለተኛው ሞላው ተጨምቆ ሲያልቅ ነው። መኪናው ጉድጓድ ሲገባ ጎማው ወደ ላይ ይወጣል። ፍሬን ሲያዝ ክብደት ወደ ፊት ይሄዳል፤ የቆመ በግም አብሮ ወደ ፊት ይገፋል። ሲታጠፍ ደግሞ መንጋው ወደ ውጪው ጎን ይደገፋል። የሲሚንቶ ከረጢት ባለበት ይቀመጣል፤ ሕይወት ያለው ጭነት ግን ልክ መኪናው በሚያዘነብልበት ሰዓት ወደሚያዘነብልበት ጎን ይጨምርበታል።

ሦስተኛው የኋላ ጎማ ነው። ወርዱ የሰፋ ጎማ በውስጥ በኩል ወደ ባሌስትራው ይጠጋል፤ ጭነት ሲበዛ ደግሞ ከላይ የካሶኒውን ቅስት ያገኛል።

አራተኛው ጭቃ ነው፣ ብዙ ሰው የሚረሳው። የገዳሪፍ ሜዳ እንደ መተማው ቆላ ጥቁር መረሬ አፈር ነው። በክረምት ጎማ ላይ ይለጠፋል፣ በፓራፋንጎው ውስጥ ይታጨቃል። በጋ ላይ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ሐምሌ ላይ የለም። ያደረ ጭቃ ደግሞ ደርቆ እንደ ጡብ ይጠነክራል፤ ጠዋት መኪናው ሲነሣ የጎማውን ጎን ይሞርደዋል። ስለዚህ በመረሬ ላይ ለሚሠራ መኪና ክፍተቱ ቢያንስ አራት ጣት ይሁን።

መፍትሔው ከርካሹ ወደ ውዱ

ከሁሉም የሚረክሰው መጠነኛ ጎማ መምረጥ ነው። ከ265/65 ወደ 265/70 የሄደ ሰው ብዙ ጊዜ ብረት መቁረጥ አያስፈልገውም። 285/70 የመረጠ ግን ብዙ ጊዜ ያስፈልገዋል።

ቀጥሎ ፕላስቲኩ ይመጣል። ጭቃ መከላከያውን ወደ ኋላ ማዛወር፣ የውስጡን ፕላስቲክ በሙቀት አለስልሶ ወደ ብረቱ መግፋትና በቡሎን ማሰር የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ትንሽ መነካካት ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ያልቃል።

ሦስተኛው የመሪውን ማቆሚያ ማስተካከል ነው። መሪው ጥቂት ዲግሪ ቀድሞ እንዲቆም ሲደረግ ጎማው ብረቱን አያገኝም። ዋጋው መኪናው ለመዞር ሰፋ ያለ ቦታ መፈለጉ ነው፤ ጠባብ ግቢ ውስጥ አንድ ጊዜ ተጨማሪ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

አራተኛው ቸርኬውን ወደ ውጪ ማውጣት ነው፣ በሌላ ቸርኬ ወይም በመሃል በሚገባ ስፔሰር። ይህ ጎማውን ከባሌስትራው ያርቀዋል። ነገር ግን መሪ ሲዞር ጎማው የሚሠራው ክብ ይሰፋል፤ ከውስጥ የተረፈው ከውጪ ፓራውልቱ ላይ ይነካል። በኩሽኔታው ላይ ያለው ጫናም ይጨምራል።

አምስተኛው መኪናውን ከፍ ማድረግ ነው። እዚህ ላይ የተለመደ የተሳሳተ እምነት አለ፤ መኪና ከፍ ካለ አይነካም ይባላል። ከፍ ማድረግ በቆመበት ከላይ ያለውን ክፍተት ያሰፋል። ነገር ግን ሞላው ሙሉ በሙሉ ሲጨመቅ ጎማው የሚደርስበትን ቦታ የሚወስነው የመጨረሻው የጎማ ማቆሚያ ላስቲክ ነው። እሱ ካልተለወጠ ጎማው ፓራፋንጎውን እዚያው ያገኘዋል። መሪ ሲዞር የጋቢናውን ብረት መንካቱንም ከፍታ ብዙ አይለውጠውም። ከኋላ ባሌስትራ መጨመር ደግሞ መኪናውን ያደርቀዋል፤ ንዝረቱ በቀጥታ ወደ በጎቹ እግር ይሄዳል፣ ከፍ ያለ ካሶኒም በማዞሪያ ላይ ለመገልበጥ ይቀርባል። ከዚህ ሥራ በኋላ አላይመንት ማሠራት ግድ ነው፤ ካልሆነ አዲሱ ጎማ በአንድ ጎኑ ይበላል።

የመጨረሻው የጋቢናውን ማሰሪያ ብረት ቆርጦ መበየድ ነው። ያ ብረት ጋቢናውን የሚይዝ ስለሆነ ጥሩ በያጅ ይፈልጋል። የመኪናው ሁኔታ ከሊብሬው ጋር የማይመሳሰል ከሆነም በዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራና በኬላ ላይ ጥያቄ ሊያስነሣ ይችላል።

ተጭኖ መፈተን

ፈተናው ከጎሚስታው ግቢ ከመውጣቱ በፊት ይደረግ። በበጎች ምትክ አሸዋ የሞላባቸው ከረጢቶች ይጫኑ። ስሌቱ እንዲህ ነው፤ 20 በግ እያንዳንዱ 35 ኪሎ ቢሆን 700 ኪሎ፣ ሦስት ሰው 210 ኪሎ፣ ሁለት ጀሪካን ውኃና አንድ ጀሪካን ነዳጅ 56 ኪሎ ገደማ። ድምሩ 966 ኪሎ ነው። የብዙ ፒክአፖች የጭነት ልክ 1 ቶን አካባቢ ስለሆነ ለከባድ ጎማና ለተጨማሪ ብረት የተረፈው ቦታ ጥቂት ነው።

ከዚያ የጎማው ጠርዝና ጎን በኖራ ይቀባ። አንድ የፊት ጎማ ድንጋይ ላይ ይውጣ፣ መሪው ወደ ሁለቱም ጎን እስከ መጨረሻው ይዙር፣ መኪናው ወደ ፊትም ወደ ኋላም ይሂድ። በሌላው ጎማም ይደገም። ኖራው የለቀቀበት ቦታ የሚነካበት ቦታ ነው። ድምፅ ብቻ መስማት አይበቃም፤ የሞተር ድምፅ ይሸፍነዋል።

ስኮርታውም አይረሳ። አዲሱ ልክ ከካሶኒው ሥር መግባቱ ይታይ። አሮጌውን ትንሽ ጎማ እንደ ስኮርታ ይዞ ፎር ዊል አስገብቶ በአስፋልት መንዳት ዲፈረንሻሉን ያበላሻል።

በጎማው ጎን ያለው የጭነት ቁጥርም ይነበብ። 112 ማለት አንድ ጎማ 1,120 ኪሎ ይሸከማል፣ 106 ማለት 950 ኪሎ ነው። መጠኑ ትልቅ ሆኖ የጭነት ቁጥሩ ያነሰ ጎማ መግዛት ገንዘብ አውጥቶ አቅም መቀነስ ነው። የተመረተበት ጊዜም በአራት አኃዝ ተጽፏል፤ 1823 ማለት በ2023 በ18ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። በቆላ ሙቀት መጋዘን ውስጥ የከረመ ጎማ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ላስቲኩ ያረጀ ነው።

ለኪስ ምን ማለት ነው?

ጎማው ከ265/65 ወደ 285/70 ሲያድግ ቁመቱ በ7 በመቶ ይጨምራል። ቆጣሪው 100 ሲል መኪናው 107 እየሄደ ነው። 1,000 ኪሎ ሜትር የተመዘገበበት ጉዞ በእውነት 1,070 ነው። የሞተር ዘይት በቆጣሪ የሚቀይር ሰው ያዘገያል፤ ሹፌሩን በኪሎ ሜትር የሚከፍልም ሂሳቡን ማስተካከል አለበት። ዳገት ላይ ጎማው የሚያገኘው ጉልበት በዚያው ልክ ያንሳል፣ ፍሬኑም የበለጠ ይደክማል። በተቃራኒው ወደ 265/70 የሄደ ሰው ልዩነቱ 3.4 በመቶ ብቻ ነው።

ትልቁ ወጪ ግን በጎማ ዋጋ ውስጥ አይታይም። የተፋቀ የጎማ ጎን እንደ ጥርሱ በመጣበቂያ አይጠገንም፤ ሲፈነዳም የሚፈነዳው በሙቀትና በጭነት ነው፣ ማለትም ከሚያዝያ እስከ ግንቦት ባለው የቆላ ቀትር፣ በጎቹ ላይ ሳሉ። ክሪክ ለማቆም በጎቹ መውረድ አለባቸው፤ የወረደ በግ ይበተናል፣ ያልወረደ በፀሐይ ይጠበሳል። ከላይ በተሰላው ጭነት የበጎቹ ክብደት በውኃ ጥምና በጭንቀት 5 በመቶ ቢቀንስ የጠፋው 35 ኪሎ ነው። ይህ አንድ ሙሉ በግ ነው፤ ገበያ ላይ አልተሸጠም፣ መንገድ ላይም አልሞተም፣ ግን የለም።

ስለዚህ ጎማ የሚገዛ ነጋዴ ከመክፈሉ በፊት ሦስት ነገር ቢጠይቅ ይበቃዋል፤ ቁመቱ ስንት ሚሊ ሜትር ይጨምራል? ምን ያህል ኪሎ ይሸከማል? ተጭኖ፣ ዞሮ፣ በጭቃ ውስጥ የሚተርፈው ክፍተት ስንት ጣት ነው? ለሦስተኛው ጥያቄ መልስ የሌለው ሻጭ ጎማውን ይሸጥ ይሆናል፤ ፈተናው ግን የገዢው ሥራ ሆኖ ይቀራል።