ሁለቱን ትምህርት ቤቶች በምን ሚዛን እንመዝናቸው?



በትንሿ ከተማችን ሁለት የመንግሥት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አሉ። አንደኛው ከገበያው አጠገብ፥ ሁለተኛው ከወንዙ ማዶ ነው። ባለፈው ነሐሴ ታናሽ እኅቴ የምትመዘገብበት ጊዜ ሲደርስ በቤታችን ክርክር ተነሣ። አባቴ «የገበያው ይሻላል፤ የስድስተኛ ክፍል ተፈታኞቹ በሙሉ አልፈዋል» አሉ። እናቴ ደግሞ «የማዶዎቹ መምህራን ልጅ አይጥሉም» አሉ። እኔ በገበያው ትምህርት ቤት የተማርሁ ስለ ሆንሁ ሁለቱም ወደ እኔ ተመለከቱ፤ ነገር ግን የምናገረው አጣሁ። ይህ ጽሑፍ ያን ቀን ያልሰጠሁት መልስ ነው።

በመጀመሪያ፥ በሁለቱ ዘንድ አንድ የሆነውን ነገር ለይተን እንተወው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ያለ ክፍያ እንዲሆንና ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ደንግጓል። መጽሐፉም ሥርዓተ ትምህርቱም በሁለቱ ዘንድ አንድ ነው። እንግዲህ ልዩነቱን ከሌላ ስፍራ መፈለግ ይገባል።

የትምህርት ሚኒስቴር ለትምህርት ቤቶች ቍጥጥር ያወጣው መመዘኛ ከመቶው 25ቱን ለግብዓት፥ 35ቱን ለሂደት፥ 40ውን ለውጤት ይሰጣል። ግብዓት ማለት መምህራን፥ ክፍሎች፥ መጻሕፍትና ውሃ ነው። ሂደት ማለት በክፍል ውስጥ የሚሠራው ሥራ ነው። ስለዚህ በውጤት ብቻ የሚፈርድ ሰው ከሚዛኑ ከግማሽ የሚበልጠውን ትቶታል ማለት ነው።

ውጤቱም ቢሆን ሊያሳስት ይችላል። ለምሳሌ ያህል በሁለት ትምህርት ቤቶች መቶ መቶ ልጆች አንደኛ ክፍል ገቡ እንበል። በአንደኛው 40 ብቻ ለፈተና ደርሰው 40ውም ቢያልፉ፥ «መቶ በመቶ አሳለፈ» ይባላል። በሁለተኛው 90 ደርሰው 72 ቢያልፉ፥ «ሰማንያ በመቶ» ይባላል። ነገር ግን ከገቡት መቶ ልጆች የመጀመሪያው ለ40፥ ሁለተኛው ለ72 ደርሶላቸዋል። እኔም ከእኔ ጋር አንደኛ ክፍል የገቡትን ጓደኞቼን በልቤ ስቈጥር፥ ብዙዎቹ ከእኔ ጋር ስድስተኛ ክፍል አልደረሱም። ሲቀሩም ለምን እንደ ቀሩ የጠየቀ ሰው አላየሁም።

ከዚህም ሌላ፥ የነጋዴ ልጅ ማታ በመብራት ሲያጠና የማዶው ልጅ ከብት ጠብቆ ውሃ ቀድቶ ይመጣል። ይህን ሁሉ በመምህሩ ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁን ከማስመዝገባችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። በአንድ ክፍል ስንት ልጅ ይቀመጣል? የተወሰነው ልክ 50 ነው። መጽሐፍ ለእያንዳንዱ ልጅ ይደርሳል ወይስ ለሦስት አንድ ነው? አንደኛ ክፍል ከገቡት መካከል ስድስተኛ ክፍል የደረሱት ስንት ናቸው?

እኅቴ በማዶው ተመዝግባለች፤ ወንዙ በሚሞላበት ቀን አባቴ እጇን ይዘው ያሻግሯታል። በገበያው ትምህርት ቤት ግን ዛሬም የጎረቤቶቻችን ልጆች አሉ። ማመዛዘናችን አንዱን አመስግነን ሌላውን ለመናቅ ሳይሆን፥ የጎደለውን አይተን በኅብረት ለመሙላት ይሁን።