ለኩሬው የሚሆን ዘር

ጌዴኦ ውስጥ ምርጥ ዘር ምን እንደሆነ ለገበሬ ማስረዳት አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ ከታየ በኋላ፣ የጅማ ተመራማሪዎች በሽታውን የተቋቋሙ ዛፎችን እየለዩ 74110ን እና 74112ን የመሳሰሉ ዝርያዎችን አወጡ። በይርጋጨፌ ዛሬም በቁጥራቸው ይጠራሉ። ዓሣ አርቢው ግን የሚመርጠው ዛፍ በዓይኑ አይታየውም። ኩሬው ውስጥ የማን ልጅ የማን እንደሆነ አይለይም።

ይባስ ብሎ ምርጫው የሚካሄደው ወደ ኋላ ነው። ቆሮሶ (ቲላፒያ) በጥቂት ወራት ዕድሜው ስለሚራባ ኩሬው በጫጩት ይሞላል። ትልልቁ ለምግብና ለገበያ ሲወጣ ለዘር የሚቀረው ያላደገው ነው። በዚያ ላይ ከጥቂት ወላጆች የተገኙ ዓሦች እርስ በርስ ሲራቡ ዘሩ ይደክማል።

መፍትሔው የታቀደ የዘር ምርጫ ነው። ኖርዌያውያን በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከ40 ገደማ ወንዞች የሳልመን ዘር ሰብስበው ዝርያ ማሻሻል ጀመሩ። በቆሮሶ ላይ ሥራው በ1988 ፊሊፒንስ ውስጥ ተጀመረ። ከግብፅ፣ ከጋና፣ ከኬንያና ከሴኔጋል የመጡ ዓሦች ከአራት የእስያ እርባታ ዝርያዎች ጋር ተዳቀሉና «ጊፍት» የተባለው ዝርያ ተገኘ። የየእናቱ ልጆች ምልክት እስኪደረግባቸው ድረስ በየራሳቸው የመረብ ሳጥን ያድጋሉ፤ ከዚያም በአንድ ኩሬ ተቀላቅለው ይመዘናሉ። ዕድገታቸው በየትውልዱ ከ12 እስከ 17 በመቶ ጨመረ።

በሕይወት መቆየትን መምረጥ ይከብዳል። የሞተ ዓሣ አይወልድም፤ ለበሽታ የተጋለጠ ዓሣም ከተረፈ በኋላ ወደ ዘር ኩሬ ቢመለስ በሽታውን ይዞ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ የሚፈተኑት ወንድምና እህቶቹ ናቸው፤ ብዙ የተረፈለት ቤተሰብ ያልተፈተኑት ልጆቹ ለዘር ይያዛሉ። በሕይወት የመቆየት ውርስነት ብዙውን ጊዜ ዝቅተኛ ስለሆነ ለውጡ ከክብደት ይልቅ ቀስ ይላል።

ኢትዮጵያ ጥሬ ዕቃው አላት። የጣናው ቆሮሶ በ1992 ራሱን የቻለ ንዑስ ዝርያ ተብሎ ተመዝግቧል፤ የዝዋይ፣ የሐዋሳና የጫሞ ቆሮሶዎችም አንድ ዓይነት አይደሉም። የሰበታው ብሔራዊ የዓሣ ምርምር ማዕከል ከተለያዩ ሐይቆች የመጡ ዓሦችን በኩሬ አወዳድሯል። ውድድር ግን የመጀመሪያው እርምጃ ነው፤ የዘር ሐረግ መመዝገብና ትውልድ በትውልድ መምረጥ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ለጌዴኦ ደግሞ ከፍታው ራሱ ጥያቄ ነው። ቆሮሶ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ የሞቀ ውሃ ይወዳል፤ ከ20 ሲወርድ ዕድገቱ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ዲላ ላይ አንደኛ የወጣ ዓሣ ደጋው ቡሌ ላይ ላይቀና ይችላል። ከውጭ የተሻሻለ ዝርያ ማምጣት አቋራጭ ቢመስልም የአካባቢው ውሃ በጊዳቦ በኩል አባያ ይደርሳል፤ ከኩሬ ያመለጠ ዓሣ ከሐይቁ ቆሮሶ ጋር ከተዳቀለ መመለሻ የለውም። የ2002ቱ የናይሮቢ መግለጫ ስለ ተሻሻሉና መጤ ዝርያዎች ያስጠነቀቀውም ለዚህ ነው። በእኔ ግምት የሚሻለው በአገሩ ሐይቆች ዓሣ መጀመር ነው። እስከዚያው አርቢው ፈጥነው ካደጉት ጥቂቶቹን ለዘር ቢያስቀር፣ ወንዱንና ሴቷንም ከተለያየ ቦታ ቢያመጣ ቢያንስ ኋልዮሹን ምርጫ ይገታል።