ብርሌ ለሚያውቅ ሰው የስፔን ወይን ቤት እንግዳ አይደለም

ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ በሱሉልታ ወይም በሰበታ ቁርጥ የሚበላበት ቤት የገባ ሰው፣ ከቢራው መካከል ቀይ ወይን የቀረበበት ጠረጴዛ ቢያይ አይገረምም፡፡ ወይኑ ብዙ ጊዜ ጉደር ወይም አካሺያ ነው፡፡ ከጎኑ አምቦ ውኃ ወይም ኮካ ኮላ ይቀመጣል፤ ይደባለቃልም፡፡ «ወይን እናውቃለን» የሚሉ ወገኖች ይህን ሲያዩ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ፡፡ በወይን እርሻ ስፋት ከዓለም ቀዳሚ በሆነችው ስፔን ግን ቀይ ወይንን በሎሚ ለስላሳና በበረዶ አቅጥኖ መጠጣት የበጋ ልማድ ነው፤ «ቲንቶ ደ ቬራኖ» ይሉታል፡፡ ባስኮች ደግሞ ወይን በኮካ ኮላን «ካሊሞቾ» ብለው ስም አውጥተውለታል፡፡

የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2014 ወደ ማድሪድ መብረር ከጀመረ ወዲህ ለሥራም ሆነ ለጉብኝት ወደዚያ ለሚጓዝ ሰው መንገዱ ቀንሷል፡፡ ተጓዡ የስፔን ወይን ቤት ሲባል ነጭ የጠረጴዛ ልብስና ክራቫት ያሰረ አስተናጋጅ የሚጠብቅ ከሆነ ግን ተሳስቷል፡፡ ቤቱ ይልቅ የሚመስለው የእኛን ጠጅ ቤት ነው፡፡ ጫጫታ አለ፤ ብዙው ሰው የሚጠጣው ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ቆሞ ነው፤ መጠጡ እንደ ብርሌ በነጠላ ብርጭቆ ይቀዳል፡፡ ልዩነቱ አብሮ የሚመጣው ትንሽ ሳህን ነው፡፡ «ታፓ» ማለት ክዳን ማለት ሲሆን፣ ስለ ስያሜው አመጣጥ ንጉሥ የሚገባባቸው በርካታ ተረቶች ይነገራሉ፡፡ አሳማኙ ግን ቀላሉ ነው፤ ብርጭቆውን ከዝንብ ለመከላከል በላዩ ቁራሽ ዳቦ ወይም ሥጋ ይደረግ ነበር ይባላል፡፡ በግራናዳ ይህ ሳህን እስከ ዛሬ ከመጠጡ ጋር በነፃ ይቀርባል፡፡ በሰሜን፣ በሳን ሰባስቲያን፣ በስንጥር የተወጋ ቁራሽ ከባንኮኒው ይነሳና ሒሳቡ በአንዳንድ ቤቶች በስንጥሩ ቁጥር ይታሰባል፡፡ ከአንድ ቤት አንድ ብርጭቆና አንድ ሳህን ተቀምሶ ወደሚቀጥለው ቤት ይታለፋል እንጂ እንደኛ እስከ መዝጊያ አንድ ቦታ አይቀመጥም፡፡ ራት ደግሞ የሚጀመረው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ በመሆኑ፣ አንድ ሰዓት ላይ የሚሄድ እንግዳ ባዶ ቤት ሊጠብቀው ይችላል፡፡

ለእኛ ሰው ትልቁ ጉዳይ የአሳማ ሥጋ ነው፡፡ «ሃሞን» የሚባለው ጣሪያ ላይ የተንጠለጠለው ደረቅ ሥጋ የአሳማ እግር መሆኑ በግልጽ ይታያል፤ አደጋው ያለው በማይታየው ነው፡፡ «ክሮኬታ» ተብሎ የሚጠበሰው ድቡልቡል ውስጡ ብዙ ጊዜ ሃሞን አለበት፤ የምስር ወጡ «ቾሪሶ» የተባለ የአሳማ ቋሊማ ሊገባበት ይችላል፡፡ ስለዚህ ከማዘዝ በፊት መጠየቅ ነው፡፡ ጾመኛ ግን አይራብም፡፡ የወይራ ፍሬ፣ በቲማቲምና በዘይት የታሸ ዳቦ፣ የተጠበሰ አረንጓዴ ቃሪያ አለ፡፡ የሴቪያዎቹ ሽምብራ በስፒናች ደግሞ ጎመንና ሽሮ ለለመደ አፍ የራሱ ነው፡፡ ድንች ሲታዘዝ ስጎው እንቁላል እንዳለበት ማጣራት ይገባል፡፡ «ቶርቲያ» የሚሉትም ድንች በእንቁላል ነው፡፡

ጠርሙሱ ላይ ያለው ጽሑፍ እንደሚመስለው አስቸጋሪ አይደለም፡፡ ታዋቂው የሪዮሃ አካባቢ ቀይ ወይን የሚመደበው በዕድሜው ነው፡፡ «ክሪያንሳ» ቢያንስ ሁለት ዓመት ሲቆይ፣ ከዚያ ውስጥ አንዱን ዓመት በእንጨት በርሜል ያሳልፋል፡፡ «ሬሴርቫ» ሦስት ዓመት፣ «ግራን ሬሴርቫ» አምስት ዓመት ይቆያል፡፡ ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ዋጋውም ይጨምራል፤ ሁልጊዜ ይጣፍጣል ማለት ግን አይደለም፡፡ በተለይ ከእኛ ምግብ ጋር፡፡ በርበሬና ሚጥሚጣ የወይኑን አልኮልና ምላስ የሚያደርቀውን ባሕርይ ያጎላሉ፤ ውዱ ግራን ሬሴርቫ በአዋዜ ፊት መራራ ሆኖ ይቀራል፡፡ ለአዋዜ የሚስማማው ወጣት፣ ቀለል ያለ፣ ትንሽ የቀዘቀዘ ወይን ነው፡፡ ወይንን በአምቦ የሚያቀጥነው ሰው በልማድ የደረሰበት ይህንኑ ነው፤ አልኮሉ ይቀንሳል፣ ቅዝቃዜ ይጨመራል፡፡ የጮማ ስብ ግን ከጠንከር ያለ ቀይ ወይን ጋር በደንብ ይሄዳል፤ ሚጥሚጣውን መቀነስ ብቻ ነው፡፡ «ቀይ ወይን በክፍሉ ሙቀት ይጠጣል» የሚባለውም ለቀዝቃዛ የአውሮፓ ቤት የተባለ ነው፡፡ ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺሕ 500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ላለችው ሱሉልታ ምሽት ምክሩ ይሠራል፤ ለባቱ ቀትር አይሠራም፡፡

ታዲያ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር በተጠቃለሉት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ እንዲህ ያለ ቤት መክፈት ይቻላል ወይ? ከስፔን በሚመጣ ጠርሙስ ከባድ ነው፡፡ በጉምሩክ ቀረጡ ላይ ኤክሳይስ ታክስ፣ ከዚያ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከዚያም 10 በመቶ ሱር ታክስ ይደራረባል፡፡ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ከተከለከሉት 38 የዕቃ ዓይነቶች መካከል የአልኮል መጠጦች ይገኙበት ነበር፤ ክልከላው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ቢነሳም በዚያው ወቅት የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ ዋጋው ሌላ ከፍታ ላይ ወጣ፡፡

የአገር ውስጥ ወይን ግን አለ፡፡ አዋሽ ወይን ጠጅ በአርሲ መርቲ ወይን ያለማል፡፡ ጉደር ስሙን ያገኘው በቡራዩና በአምቦ አልፎ ከሚደረስባት ከተማ ነው፡፡ የፈረንሳዩ ካስቴል በዝዋይ፣ ማለትም በባቱ፣ ያመረተውን እ.ኤ.አ. በ2014 ገበያ ላይ አውሏል፡፡ ይኸው ኩባንያ በ2014 ዓ.ም. የሰበታውን ሜታ አቦ ቢራ ከዲያጆ ገዝቷል፡፡

የጎደለው ብርጭቆው ነው፡፡ አንድ የ750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ አምስት ብርጭቆ ይወጣዋል፤ ከተከፈተ በኋላ ጣዕሙን የሚይዘው ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው፡፡ ቤቱ ደንበኛ ከሌለው ቀሪው ይበላሻል በሚል ብዙዎች በጠርሙስ ብቻ ይሸጣሉ፡፡ ደንበኛውም የከፈለበትን ትቶ ላለመሄድ ይጨርሰዋል፤ ከዚያ መሪ ይዞ በምሽት ከሱሉልታ ወደ እንጦጦ ይወጣል፣ ቁልቁለቱንም ወደ ከተማ ይወርዳል፡፡ በብርጭቆ የሚሸጥ እስኪገኝ ድረስ ለሦስትና ለአራት ተካፍሎ ማዘዝ፣ የሚነዳውን ሰው አስቀድሞ መለየት፣ የተረፈውንም ቡሹን መልሶ ወደ ቤት ይዞ መሄድ ይቻላል፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከገባ ለነገ ራት ይደርሳል፡፡