የቤንዚን ፒክአፕን ወደ ኤታኖል መለወጥ፦ ከካርቡሬተሩ እስከ ማሽላው

(ለሕዝብ ክፍት በሆነው የፋኩልቲው ትምህርታዊ ገለጻ ላይ ከቀረበው የተወሰደ)



የዛሬውን ርእስ የመረጥሁት እኔ አይደለሁም። ከዋግ ኽምራ፣ ከዝቋላ ወረዳ የመጣ አንድ ተማሪ በክፍል ውስጥ እጁን አንሥቶ፣ «መምህር፣ ጽጽቃ ላይ ቤንዚን ሲጠፋ በጀሪካን የሚሸጠውን በውድ ከምንገዛ፣ ፒክአፑን በአረቄ ብናስኬደውስ?» ሲል ጠየቀኝ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እኔ አልሳቅሁም፤ በጥያቄው ውስጥ ሁለት ቁም ነገሮች አሉና። አንደኛው የሞተር ነው፤ ሁለተኛው የእህል ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ የትኛው ተሽከርካሪ እንደምንነጋገር እንለይ። በገጠር መንገዶቻችን የምናያቸው ፒክአፖች አብዛኞቹ የናፍጣ ናቸው፤ የናፍጣ ሞተር ደግሞ ነዳጁን የሚያቀጣጥለው በእመቃ ሙቀት ስለሆነ፣ በዚህ መንገድ በቀላሉ የማይቀጣጠለው ኤታኖል አይስማማውም። የምንናገረው ካንዴላና ካርቡሬተር ስላለው የቆየ የቤንዚን ፒክአፕ ነው።

ቤንዚን በሚገባ እንዲነድ ለ1 ኪሎ ግራም ነዳጅ 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። ኤታኖል ግን በራሱ ውስጥ ኦክስጅን ስላለው 9 ኪሎ ግራም ይበቃዋል። ስለዚህ ሞተሩ የሚስበው አየር ያው ሆኖ ሳለ፣ በመጠን ሲሰላ አንድ ጊዜ ተኩል የሚሆን ነዳጅ ማግኘት አለበት። ነዳጅ የሚያልፍባት የካርቡሬተር ቀዳዳ ስፋቷ በዚያው ልክ ይጨምር ማለት ነው፤ ዲያሜትሯ ግን የሚያድገው በአንድ አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ብዙ ሰው ዲያሜትሩን በአንድ ጊዜ ተኩል ያሳድግና ሞተሩን በነዳጅ ያሰምጠዋል። የሚኒሞው መስመርም አብሮ መስተካከል አለበት፤ አለዚያ መኪናው ሲሮጥ ደኅና ሆኖ ሲቆም ይጠፋል።

እዚህ ላይ የሰቆጣ ከፍታ ይገባል። ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,200 ሜትር ገደማ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ካርቡሬተር ግን ይህን አያውቅም። አየሩ ሲሳሳ የነዳጁን መጠን በዚያው ልክ ስለማይቀንስ፣ ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ካርቡሬተር ሰቆጣ ላይ ከመጠን በላይ ቤንዚን ይሰጣል፤ ካንዴላው የሚጠቁረው፣ ጭስ ማውጫው የሚያጨሰው ስለዚህ ነው። ለኤታኖል ሲሆን ይህ ጉድለት በከፊል ጥቅም ይሆናል፤ የቀዳዳዋ ዲያሜትር ጭማሪ ከአንድ አራተኛ ወደ አንድ ስድስተኛ ገደማ ይወርዳል። ሆኖም ያው መኪና ቁልቁል ወደ ተከዜ ቆላ ሲወርድ ልኩ እንደገና ይዛባል። በደጋና በቆላ መካከል ለሚመላለስ ሰው አንድ ልክ የለም።

ቀጥሎ የማለዳው ችግር አለ። ኤታኖል በሚተንበት ጊዜ ከቤንዚን ከሁለት እጥፍ በላይ ሙቀት ይወስዳል፤ ንጹሑ ኤታኖል ደግሞ ከ13 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች በብልጭታ የሚቀጣጠል በቂ ትነት አይሰጥም። በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት ደጋ ላይ መኪና ለማስነሣት የሞከረ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ብራዚሎች በ1975 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ የአልኮል ፕሮግራማቸውን ጀምረው በ1979 እ.ኤ.አ. ፊያት 147ን በኤታኖል ሲያስኬዱ፣ መፍትሔያቸው ቀላል ነበር፤ ለማስነሻ ብቻ የምታገለግል ትንሽ የቤንዚን ታንክ። የሞተሩንም እመቃ ከፍ አደረጉት፤ ኤታኖል ሳያንኳኳ ከፍ ያለ እመቃ ስለሚችል። እኛ ቀዳዳ ብቻ አስፍተን ቴስታታውን ካልነካን ግን ይህን ጥቅም ሳናገኝ ፍጆታውን ብቻ እንሸከማለን።

ስለ ጎማና ስለ ብረት የምናገረው ከራሴ ኪሳራ ነው። ከዓመታት በፊት በአሮጌ ፒክአፔ ላይ ከፍ ያለ የኤታኖል ድብልቅ ሞክሬ ነበር። ኤታኖል በታንኩ ውስጥ ለዘመናት የተጋገረውን ቆሻሻ አሟሟና ፊልትሮውን ደፈነው፤ ጥቂት ቆይቶም የነዳጅ ፓምፑ ጎማ አብጦ መንገድ ላይ አስቀረኝ። ጥፋቱ የማንም ሳይሆን የእኔ ነበር፤ ካርቡሬተሩን አስልቼ ጎማውን ረስቼ ነበርና።

ወደ አረቄው እንመለስ። ዳግም አረቄ ግማሹን ያህል ውኃ ነው። በተራ ማጣራት ደግሞ የቱንም ያህል ቢደጋገም ከ96 በመቶ ገደማ አያልፍም፤ በዚያ ደረጃ ውኃውና አልኮሉ አብረው ይተናሉ። ይህ በብራዚል እንደታየው ለብቻው ሞተር ያስኬዳል፤ ከቤንዚን ጋር ሲደባለቅ ግን ውኃው ኤታኖሉን ይዞ ወደ ታንኩ ሥር ይሰፍራል። ለድብልቅ የሚያስፈልገው ከ99 በመቶ በላይ የጠራ ኤታኖል ስለሆነ የፋብሪካ ሥራ ይጠይቃል። አገራችን ይህን ሠርታዋለች፤ በ2001 ዓ.ም. የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ኤታኖል በ5 በመቶ ድብልቅ ለአዲስ አበባ ተሽከርካሪዎች መቅረብ ጀመረ፤ በ2003 ዓ.ም. መተሐራም ታክሎ ድብልቁ ወደ 10 በመቶ አደገ። በ10 በመቶ ደረጃ የማንንም ካርቡሬተር መንካት አላስፈለገም። ጥሬ ዕቃውም ሞላሰስ ነበር፤ የማንም እንጀራ አልነበረም።

ጽጽቃ ላይ ግን ሞላሰስ የለም፤ ያለው ማሽላ ነው። በደንብ በተደራጀ ፋብሪካ 1 ኩንታል ማሽላ ከ35 እስከ 40 ሊትር ኤታኖል ይወጣዋል፤ በጓዳ ጋን ከዚህ እጅግ ያነሰ። 60 ሊትር የሚይዝ ታንክ ለመሙላት ቢያንስ 1 ኩንታል ተኩል ማሽላ ይጠይቃል። በምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ለአንድ ሰው በወር የሚታሰበው እህል 15 ኪሎ ግራም ነው፤ እንግዲህ አንዱ ታንክ የ10 ሰዎች የአንድ ወር ቀለብ ሆነ። ያም ታንክ ኃይሉ የቤንዚን ሁለት ሦስተኛ ስለሆነ፣ መኪናውን የሚወስደው 40 ሊትር ቤንዚን የሚያደርሰውን ያህል ብቻ ነው። ማጣሪያው የሚፈጀውን ማገዶ፣ ያውም በተራቆተው የዋግ ተራራ፣ ገና አልቆጠርሁም።

ለተማሪዬ የሰጠሁት መልስ ይህ ነበር፦ መኪናህ ፊንጫ ቢሆን ኖሮ ካርቡሬተሩን አብረን እንፈታው ነበር፤ ጽጽቃ ከሆነ ግን ጎማውንና ፊልትሮውን ለድብልቅ የሚሆን አድርግ፣ ካርቡሬተሩን ለከፍታው አስተካክል፤ ዛሬ በጭስ የሚባክነው ቤንዚን ራሱ ቀላል አይደለም። እርሱም አልለቀቀኝም፤ «ኤታኖሉ ከፊንጫ በቦቴ ቢመጣልንስ?» አለኝ። ሰቆጣ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ ቦቴው የሚነዳው በናፍጣ ነው። ሦስት ቦቴ ኤታኖል የሚሠራውን ሥራ ሁለት ቦቴ ቤንዚን ይሠራዋል። ሒሳቡን በሰሌዳው ላይ ራሱ ጻፈው።