ከቀለሙ በታች ያለው እውነት፤ የታደሰች ቮልስዋገን ለገበያ ስትቀርብ

አሮጌ ዕቃ ሁሉ አንድ አይደለም። ዘመን አልፎበት የሚጣል አለ፤ ዘመን አልፎበት የሚከበርም አለ። የሞተሯ ድምፅ ገና ከሩቅ የሚለየው ቮልስዋገን ከኋለኛው ወገን ናት። በዕድሜ የገፉ የሠራዊቱ አባላትና ጡረተኞች በትርፍ ጊዜያቸው እንዲህ ያለችውን መኪና ፈታትተው እያደሱ መሸጥ ከጀመሩ ሰንብተዋል። ስለሆነም በዚህ ሳምንት የቤተሰብ ዓምዳችን፣ ታድሳ የምትሸጥ መኪና በቤተሰብ ላይ ስለምታመጣው ደስታና ፈተና ጥቂት ለማውሳት እንወዳለን።

መሐንዲሱ ፈርዲናንድ ፖርሽ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የነደፏት ይህች መኪና፣ ሞተሯ ከኋላ የተቀመጠና በአየር የሚቀዘቅዝ ነው። ውኃም ራዲያተርም አያሻትም። ውኃ በራቀበት ቆላ የሚነዳ ሰው የዚህን ጥቅም ይረዳዋል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1972 የተሠራችው ቁጥር 15,007,034 ላይ በደረሰ ጊዜ ፎርድ ሞዴል ቲ ለረጅም ዘመን ይዞት የነበረውን ክብረ ወሰን ሰበረች። የመጨረሻይቱ ቮልስዋገን ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ የወጣችው ሐምሌ 23 ቀን 1995 ዓ.ም ሲሆን፣ እስከዚያ ድረስ የተሠሩት በጠቅላላው 21,529,464 ነበሩ።

በአገራችን ታሪክም ስፍራ አላት። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም አፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን በወረዱበት ዕለት ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ተሳፍረው የወጡት በንጉሠ ነገሥቱ አውቶሞቢል ሳይሆን በአንዲት ቮልስዋገን ነበር።

ዛሬ የእነዚህ መኪናዎች ዋጋ የተወደደበት ምክንያት ግልጽ ነው። አዲስ አይሠራም። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። እንግዲህ በአገር ውስጥ ያለው ያለው ነው። ዋጋ ሲወደድ ደግሞ ፈተናው አብሮ ይመጣል።

ይህን ፈተና በቅርብ ያየነው፣ ስማቸው እንዳይጠቀስ በጠየቁን በአንድ ጡረተኛ ሃምሳ አለቃ ቤት ነው። ሃምሳ አለቃው ዘመናቸውን ሁሉ በሾፌርነት ያገለገሉ ሰው ናቸው። ከአንድ ግቢ ጥግ ቆማ ዝናብ ሲመታት የኖረችን ቮልስዋገን ገዝተው አራት ዓመት ሙሉ ደከሙባት። ሞተሯን አወረዱ፤ ካምቢዮውን አሳደሱ፤ ፍሬንና ፍሪሲዮኑን ለወጡ። የላሜራው ሥራ ከተጀመረ በኋላ ገንዘቡ ስላለቀ፣ ባለቤታቸው የደረሳቸውን ዕቁብ ሰጥተው የቀለሙ ወጪ ተሸፈነ። ከኋላ ወንበር ሥር፣ ባትሪው በሚቀመጥበት በስተቀኝ በኩል ያለው ወለል ግን ዝገት በልቶት ሳለ በአዲስ ላሜራ አልተተካም፤ በስቱኮ ተደፍኖ ቀለም ተቀባ።

ሴት ልጃቸው በነርስነት ትምህርት የመጨረሻ ዓመት ላይ ስለነበረች የምዝገባው ቀን ሲቃረብ መኪናይቱን ለመሸጥ ወሰኑ። ገዥም አልጠፋም። ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ አገር ቤት ሊመላለስባት ያሰበ ወጣት መጣ። ቀለሟን አይቶ ወደዳት፤ ሞተሯን ሰምቶ ወደዳት፤ ወንበሩን ግን አላነሣም። ደላላው ሃምሳ አለቃውን ወደ ጎን ወስዶ፣ «ያልተጠየቁትን አይመልሱ» ሲል መከራቸው።

ሃምሳ አለቃው ዝም አሉ። በዚህ ጊዜ ቡና ይዘው የወጡት ባለቤታቸው ሲኒውን አስቀምጠው የኋላውን ወንበር በገዛ እጃቸው አነሡና፣ «ልጄ፣ ልጆች የምታሳፍርባት ከሆነ ይህንንም እየው» አሉት። ወጣቱ በጣቱ መታ መታ አድርጎ አዳመጠ፤ ድምፁ የብረት አልነበረም። «ጋሼ፣ ይህን ባላይ ኖሮስ?» ብሎ ጠየቀ። ሃምሳ አለቃው ሲመልሱ፣ «የኔ አፍ ዘግይቷል፤ የእርሷ ግን ቀድሟል» አሉ።

መኪናይቱ ተሸጠች፤ ዋጋዋ ግን 30 ሺህ ብር ቀነሰ። የጎደለው ገንዘብ ቀላል አልነበረም። ለምዝገባ የሚያስፈልገው ስላልሞላ እመቤቲቱ ከዕቁብ ዳኛው ዘንድ ሄደው ተራ ለምነዋል። «የማውቀው ወለል ከሥራቸው ቢከዳ የሚወድቁት ሕፃናቱ ናቸው፤ የኔ ልጅ ደግሞ በዚያ ገንዘብ ሰው ማዳን ልትማር ነው» ሲሉ ነገሩን። ለዚህ ንግግር እኛ የምንጨምረው የለም።

በሥራው ረገድም ተሳስተዋል የሚላቸው አይኖርም። የቮልስዋገን ወለል ተራ ምንጣፍ ማስቀመጫ አይደለም፤ አካሉን የሚሸከም መሠረት ነው። ስቱኮ መልክ ይሰጣል እንጂ ጉልበት አይሰጥም። በሕግም ቢሆን የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ጉድለት የሌለበት ስለመሆኑ መድን እንዲሆን ያስገድደዋል።

ሌላም ሊዘነጋ የማይገባ ነገር አለ። በ1992 ዓ.ም በወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ መሠረት፣ ዋጋው ከ500 ብር የሚበልጥ የጋራ ተንቀሳቃሽ ንብረት የባልና የሚስት ስምምነት ሳይኖር አይሸጥም። ስለዚህ ሊብሬው በባል ስም ቢሆንም የሚስት ቃል ከገበያው በፊት ይጠየቅ። ዕቁቧን ከብረቱ ጋር ያቀለጠች ሴት፣ ዋጋ ሲቆረጥ ከጓዳ ልትቀር አይገባም።

መኪና አድሰው ለመሸጥ ለሚያስቡ አንባቢያን የሚከተለውን ምክር እንለግሳለን። በመጀመሪያ፣ እድሳቱ ሲካሄድ በየደረጃው ፎቶግራፍ ይነሣ፤ የዕቃና የጋራዥ ደረሰኝም በአንድነት ይቀመጥ። ገዥን ከአንደበት ይልቅ ይህ ያሳምነዋል። ሁለተኛ፣ በሊብሬው ላይ የተጻፈው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናይቱ ጋር ይመሳከር። በቮልስዋገን የሻንሲው ቁጥር ከኋላ ወንበር ሥር በመካከለኛው ዘንግ ላይ፣ የሞተሩ ቁጥር ደግሞ ከዲናሞው መቀመጫ በታች ተቀርጾ ይገኛል። ሞተሩ በሌላ ተለውጦ ከሆነ ይህ አስቀድሞ በሕጋዊ መንገድ ይስተካከል። ሦስተኛ፣ የተለወጠው፣ የተጠገነውና ያልተነካው በሦስት ረድፍ ተጽፎ ለገዥ ይሰጥ። አራተኛ፣ ገዥ የራሱን መካኒክ ይዞ እንዲመጣ ይጋበዝ። በመጨረሻም ውሉ በሚመለከተው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ፊት ይፈረም፤ የስም ዝውውሩም ሳይፈጸም አይታደር። በሻጭ ስም የምትሽከረከር የሌላ ሰው መኪና የሌላውን ሰው ጥፋት ወደ ደጃፍ ታመጣለችና።

አበው «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ። ዝገትም እንዲሁ እያደር ይገለጣል፤ ከቀለም በታች ለዘለዓለም የሚደበቅ ወለል የለም። ሻጭ የሚመርጠው ገዥው ጉድለቱን በግቢው ውስጥ እንዲያየው ወይም በገደል አፋፍ ላይ እንዲያገኘው ብቻ ነው። ለሻጭም ለገዥም መልካም ገበያ እንመኛለን።